ጠንካራ ፍሪሲዮን ምንድን ነው? የሞተር መያዣውስ ለምን አብሮ ይታሰባል?

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያሳልፈው በሰበቃ ብቻ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ፣ ማለትም ቮላኖ፣ እና በቮላኖው ላይ የታሰረው መጫኛ ሳህን የፍሪሲዮኑን ሸራ ከሁለት ወገን ጨምቀው ይይዙታል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ኩሽኔታው የሳህኑን ሞላ ስለሚገፋው ሸራው ይለቀቃል። ስለዚህ አንድ ፍሪሲዮን የሚሸከመው የማዞር ጉልበት ወይም ቶርክ የሚወሰነው ሞላው በሚጫንበት ኃይል፣ በሸራው የመያዝ ባሕርይ፣ በአማካይ ሬዲየሱና በሚፋተጉት ገጾች ብዛት ነው። ለምሳሌ በ6,000 ኒውተን የሚጫን ሞላ፣ 0.3 የሰበቃ መጠን ያለው ሸራ፣ 10 ሴንቲ ሜትር አማካይ ሬዲየስና ሁለት ገጽ ያለው ፍሪሲዮን 360 ኒውተን ሜትር (የቶርክ መለኪያ ነው) ይሸከማል። ጠንካራ ፍሪሲዮን የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ ከፍ የተደረጉበት ነው። በካርቶኑ ላይ የሚታተመው «ስቴጅ 1» ወይም «ስቴጅ 2» ግን ሁሉም አምራች የሚከተለው አንድ መለኪያ ስላልሆነ፣ ገዢው መጠየቅ ያለበት የኒውተን ሜትሩን ቁጥር ነው።

ሰባተኛውን ትውልድ ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ እንውሰድ። ከፋብሪካ ሲወጣ 350 ኒውተን ሜትር የሚሰጠው ባለ ተርቦ ሞተር በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ለውጥ ብቻ በቀላሉ ከ400 ያልፋል፤ በእጅ ማርሽ በሚነዱት ላይ በመጀመሪያ እጅ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ፍሪሲዮኑ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ መኪናው በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ ዳገት ላይ እያለ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የዙር መቁጠሪያው መርፌ ከ3,000 ወደ 4,000 ይዘላል፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቀራል፤ ቀጥሎም የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይመጣል። (አዲስ አበባ ላይ ተርቦ የሌለው መኪና ይህን ካሳየ ነገሩ ሌላ ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ፍሪሲዮኑ አልቋል ወይም ከሞተሩ በሚያፈስ ዘይት ርሷል እንጂ አቅም አንሶት አይደለም። የሚያስፈልገው የፋብሪካውን ዓይነት በአዲስ መተካት ነው።)

በየቀኑ ለሥራ የሚነዳ፣ አልፎ አልፎ ግን ጠንከር ተደርጎ የሚረገጥ መኪና የሚያስፈልገው፣ በእኔ አስተያየት፣ ኦርጋኒክ የሚባለው መደበኛ ሸራና ከፋብሪካው ትንሽ የጠነከረ ሞላ ነው። ኦርጋኒክ ሸራ ቀስ ብሎ ይይዛል፤ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ግማሽ ሜትር እየተጓዙ መቆምን የሚችለውም እሱ ነው። የሴራሚክና የብረት ቅልቅል የሆኑት፣ ሸራቸው በተለያዩ ቁራጮች የተከፋፈለው ዓይነቶች ሙቀትን እጅግ ይቋቋማሉ፤ ይሁንና የሚይዙት በድንገት ስለሆነ መኪናውን ሲነሣ ያንቀጠቅጡታል፣ ቮላኖውንም ይፍቃሉ። ሞላውን ከልክ በላይ ማጠንከርም ዋጋ አለው፦ ፔዳሉ ይከብዳል፣ የሃይድሮሊክ ክፍሎቹ ይጨነቃሉ፣ በተረገጠ ቁጥርም ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ የሚፈለገው አቅም ሞተሩ ከሚሰጠው 20 በመቶ ያህል ቢበልጥ ይበቃል፤ እጥፍ አቅም መግዛት በየቀኑ እግርን መቅጣት ነው። ቀላል ቮላኖ የሚመርጡም አሉ፤ ዙሩ ቶሎ ይወጣል፣ ነገር ግን መኪናው ሲነሣ ሞተሩ ቶሎ ይጠፋል፣ የፋብሪካው ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ያፍነው የነበረው የካምቢዮ መንቋቋትም መኪናው ቆሞ ፔዳሉ ሳይረገጥ ይሰማል።

ፍሪሲዮኑ መንሸራተቱን ሲያቆም ቀድሞ በሙቀት ይባክን የነበረው ጉልበት በሙሉ ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል፤ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ባለ ጎማ ድጋፍ፣ የሞተር መያዣው፣ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በአግድም በተቀመጠበትና የፊት ጎማዎች በሚጎትቱት መኪና ሞተሩና ካምቢዮው አንድ አካል ስለሆኑ፣ ጎማዎቹን ወደ ፊት የሚያዞረው ጉልበት ያንኑ አካል በዚያው መጠን ወደ ኋላ ይጠመዝዘዋል። በአንደኛ ማርሽ ጉልበቱ 12 እጥፍ ገደማ ስለሚባዛ 350 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር መያዣዎቹን በ4,200 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠመዝዛቸዋል። በጎልፉ ላይ ሁለቱ የላይ መያዣዎች ክብደቱን ሲሸከሙ፣ መጠምዘዙን በዋናነት የሚገታው ከታች ያለው አጭር ክንድ ነው። በክንዱ ውስጥ ያለው የመያዣ ጎማ ከለሰለሰ ሞተሩ ወደ ኋላ ተንጋልሎ ይመለሳል፤ ማርሽ ሲቀየር መኪናው ይናጣል፣ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ስተው ሲሽከረከሩም የመኪናው ፊት እየዘለለ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ይህን ፍሪሲዮኑ ላይ ያላክካል።

መፍትሔው ጠንከር ያለ መያዣ ነው፤ በምትኩ የሚታገሡት ግን ንዝረቱን ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 800 ዙር ሲቆም በሴኮንድ 27 ጊዜ ያህል ይተኩሳል፤ የፋብሪካው የመያዣ ጎማ የሚውጠው ይህ ምት ፖሊዩሪቴን በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ በኩል ወደ መሪውና ወደ መቀመጫው ያልፋል። የአሉሚኒየም ድፍን መያዣ ለውድድር መኪና ይሁን፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚወሰዱበት መኪና ላይ አይገባም። ሾር ኤ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ ከ70 እስከ 75 የሆነ ፖሊዩሪቴን በታችኛው ክንድ ላይ ብቻ ማድረግና የላዮቹን እንደ ነበሩ መተው ጥቅሙን አብዛኛውን ይሰጣል። መኪናው ዕድሜው ከገፋ ደግሞ ከሁሉ በፊት የላዮቹ በአዲስ የፋብሪካ ጎማ ይተኩ፤ የተቀደደ ጎማ አጠገብ የተሰካ ጠንካራ ክንድ የሌሎቹን ጭነት ብቻውን ይሸከማል። መቀደዱን ለማወቅ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ፍሬኑን አጥብቆ በያዘ ሹፌር ፍሪሲዮኑን በትንሹ ሲያስነክሱ የሞተሩን መንጋለል ከጎን ሆኖ ማየት ይበቃል፤ መኪናው ፊት ግን ማንም አይቁም።

ፍሪሲዮኑን ለመቀየር ካምቢዮው ሲወርድ ታችኛው ክንድ ለማንኛውም ስለሚፈታ፣ ሁለቱ አብረው ቢቀየሩ የእጅ ዋጋው ይቀንሳል። ካምቢዮው ሲወርድ ቮላኖው እንዲስተካከል ወይም እንዲተካ፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታውም አብሮ እንዲለወጥ ማድረግ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ አዲሱ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪገጥም ድረስ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ ውስጥ ማርሽ እየቀያየሩ በለዘብታ ይነዳል፤ በረጅም አውራ ጎዳና ላይ በአንድ ማርሽ የተጓዙት ፍሪሲዮኑ ስለማይነካበት ከዚህ አይቆጠርም።