በሕግ አምላክ ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ታክሲ የምንጠብቅበት ቦታ አጠገብ፣ በቆሎ እሸት የሚጠብሱ አንዲት እናት አሉ። ክረምት ሲገባ ይመጣሉ፤ እሸቱ ሲያልቅ ይጠፋሉ። አንድ ቀን ወደ ማታ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ወጣቶች መጡና ማንደጃቸውን አነሱት። ፍሙ ገና አልጠፋም። እናትየዋ አልጮኹም፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ሰልፍ ላይ የነበርነው ሁላችንም ስልካችንን ማየት ጀመርን። እኔም ጭምር።

ከሰልፉ መሃል ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ከፍ አደረጉና «በሕግ አምላክ!» አሉ። አንዴ ብቻ ነው ያሉት። ልጆቹ ቆሙ። አዛውንቱ ቀረብ ብለው፣ «ልጆቼ፣ በማን ትእዛዝ ነው የምትወስዱባቸው? ደረሰኝስ ትሰጧቸዋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ደረሰኝ አልነበረም። ትንሽ ተነጋገሩ። ማንደጃው ቦታው ላይ ተመለሰ፤ እሳቸውም ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ።

አጠገቤ የነበረው የብሎካችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። «ግን ምንድን ነው እሱ ነገር? ጸሎት ነው ወይስ ሕግ?» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ የመለስኩለት መልስ አላረካኝም። ጉዳዩ ስለሚያሳስበኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

«በሕግ አምላክ» የማስቆሚያ ቃል ነው። የተበደለ ሰው፣ ወይም ሌላ ሰው ሲበደል ያየ ሰው ይጠራዋል። የተጠራበት ሰው እጁን ይሰበስባል። ነገሩ በዳኛ እስኪታይ ድረስ ባለበት ይቆማል። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል።

ድሮ ይህ አባባል ብቻ አልነበረም፤ ሥርዓት ነበረው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ታስረው፣ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ይህ ቁራኛ ይባላል። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» የምንለው ከዚያ የተረፈ ቃል ነው። ዳኛው ሩቅ ከሆነ መንገደኛ ያስቆማሉ። መንገደኛው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ይሰማል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ያ የነጠላ ቋጠሮ ነው። ነጠላ እኮ በአንድ እጅ ይፈታል! ሰውየው ግን ፈቶ አይሮጥም። ጎረቤት ያያል። ከጎረቤትም በላይ የሚያይ አለ።

አሁን ቃሉን ራሱን እንየው። «በአምላክ ሕግ» አይደለም የምንለው፤ «በሕግ አምላክ» ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያውን ብንል ወዲያው «የማን መጽሐፍ? የየትኛው ሃይማኖት?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሁለተኛው የሚለው ሌላ ነው። ሕግ ባለቤት አለው ይላል። የገበያ ደንብም ቢሆን፣ የድንበር ክርክርም ቢሆን፣ ከላይ ሆኖ የሚጠይቅበት አለ። ያ ባለቤት ደግሞ ሕጉን የሚያስፈጽመው ሰው አይደለም። ዳኛውም አይደለም። ንጉሡም አይደለም።

በድሮ ዘመን ሰው «ምኒልክ ይሙት» ብሎም ያስቆም ነበር። በኋላ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ተባለ። የሚፈራው ንጉሡ ነውና በንጉሡ ይማላል። ነገር ግን እነዚህ መሐላዎች ከነገሥታቱ ጋር አልፈዋል። አሁን ታክሲ ሰልፍ ላይ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ቢባል ማን ይቆማል? «በሕግ አምላክ» ግን ሦስት መንግሥት ተሻግሮ ቱሉ ዲምቱ ደርሷል። በየትኛውም ዙፋን ላይ ስላልተንጠለጠለ ነው ብዬ አምናለሁ።

አምላክን ዙፋን ለማጽናት የጠሩም እንደነበሩ መደበቅ አልፈልግም። ንጉሡ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ነው፤ የሾመው አምላክ ስለሆነ ሰው አይጠይቀውም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም፣ የ1948ቱም የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የማይደፈር አድርገው ጽፈዋል። ሕዝቡም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ተቀመጠ። ስለዚህ አንዱ እምነት ሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ ንጉሡን ከጥያቄ በላይ ያወጣዋል። ሌላው «አንተም በላይህ አለ» ይለዋል።

ሁለተኛው መንገድ ለእኛ አዲስ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ የሕግ መጽሐፍ ነው። ከ51 አንቀጾቹ 44ኛው ስለ ነገሥታት ነው። በኦሪት ዘዳግም 17 ደግሞ ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ፣ ሚስት እንዳያበዛ፣ ወርቅና ብር እንዳያከማች ታዟል። የሕጉን ግልባጭ ለራሱ ጽፎ በዕድሜው ሁሉ ያንብብ ይላል፤ ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ። «በወንድሞቹ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ንጉሡ ከሕዝቡ ጋር ወንድም ነው።

ለእኔ ግን ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚገልጠው በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው የናቡቴ ታሪክ ነው። እዚህ የከተማ ጠርዝ ላይ ስለምኖር ይሆናል። አክዓብ የሰማርያ ንጉሥ ነው። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ የናቡቴ የወይን ቦታ አለ። ንጉሡ ለአትክልት ፈለገው። ምትክ ቦታ ወይም ገንዘብ እሰጥሃለሁ አለው። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ንጉሡ አኩርፎ ተኛ። ከዚያ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ሥራውን ያዘች። በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፤ በማኅተሙም አተመችው። ሁለት ምስክር ቆመ፤ ሸንጎ ተቀመጠ፤ ናቡቴ ተፈረደበት፤ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።

እስቲ ይህን ፋይል አስቡት። ምንም አይጎድለውም። ደብዳቤ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ምስክር አለ፣ ፍርድ አለ። በወረቀት ደረጃ ሕግ ተከብሯል። ንጉሡ ቦታውን ሊረከብ ሲወርድ ግን ነቢዩ ኤልያስ እዚያው ወይን ቦታው ውስጥ አገኘው። ገደልክ፤ ደግሞ ወረስክ አለው። ሠራዊት የለውም፤ ሥልጣን የለውም። ይዞ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማኅተሙ ትክክል ቢሆንም የተሠራው ሥራ ግፍ መሆኑን። «በሕግ አምላክ» ማለት ይኸው ነው። ወረቀቱ ሲያልቅ የሚቀር ሌላ ጥያቄ አለ ማለት ነው።

እኔ የምተኛበት አራተኛ ፎቅ የጤፍ ማሳ ነበር። ቦታው የማን ማሳ እንደነበር የሚያስታውሱ ገበሬዎች አሁንም በቅርብ ይኖራሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ገበሬ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበትም ይናገራል። ጥሩ ሕግ ነው። የናቡቴን ታሪክ ያነበበ ሰው ግን «ተከፈለ ወይ?» ብሎ ፋይሉን አይቶ አይተኛም። «ተበደለ ወይ?» ብሎም ይጠይቃል።

በእስልምናም ነገሩ እንዲሁ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮቻቸውን በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ ሲልኩ ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ እርሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለ አሉ። ነጃሺ የተመሰገነው መጀመሪያ በፍትሑ ነው። አቡበክርም ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ለሕዝቡ አላህንና መልእክተኛውን እስከታዘዝኩ ታዘዙኝ፣ ካልታዘዝኩ መታዘዝ የለባችሁም አሏቸው። እዚሁ ዙሪያችን ባለው የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ደግሞ አባ ገዳው ሥልጣን በያዘ በ8 ዓመቱ ያስረክባል። «ቃሉ» የሚባለው የሃይማኖቱ አባት ሌላ ነው፤ አባ ገዳው ሌላ ነው። በረከትና ሥልጣን በአንድ እጅ አይያዙም።

ይህን ማመን ዋጋ ያስከፍላል። አቡነ ጴጥሮስ ለፋሺስት ኢጣልያ እንዲገዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም እንዳይገዛ ገዘቱና ሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። በደርግ ጊዜ፣ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአንድ ወር ውስጥ ተገደሉ። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ከዚያ በፊት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሽነው ነበር። ያ ሌሊት «በሕግ አምላክ» የሚል ሰው የሚሰማው አላገኘም። መንግሥት ከራሱ በላይ ምንም የለም ያለ ቀን እንዲህ ይሆናል።

ልጁ ግን ታክሲ ውስጥ የጠየቀኝ ሌላም ነበር። «አምላክ የለም የሚል ሰውስ? ግብረ ገብ የለውም ማለት ነው?» አለኝ። የለም፤ እንደሱ አይደለም። አማርኛችን ራሱ ይመልሳል። ሦስት ቃላት አሉን፦ ኃጢአት፣ ነውር፣ ወንጀል። ኃጢአት በአምላክ ፊት ነው። ነውር በሰው ፊት ነው። ወንጀል በመንግሥት ፊት ነው። መንግሥት በአንድ ሌሊት አዋጅ አውጥቶ አዲስ ወንጀል ሊፈጥር ይችላል። አዲስ ነውር ግን ሊፈጥር አይችልም። አሮጊት መገፍተርን ጨዋ ሥራ የሚያደርግ አዋጅ የለም። የማያምነው ጎረቤቴም ይህን ያውቃል። እኔ ምንጩ አምላክ ነው እላለሁ፤ እሱ ህሊና ነው ይላል። እውነት ለመናገር ከአንዳንድ ጿሚዎች ይልቅ እሱ ቃሉን ሲጠብቅ አይቻለሁ። ሁለታችንም ግን ግብረ ገብን መንግሥት አልሰጠንም በሚለው እንስማማለን። ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው። መንግሥት ያልሰጠውን ሊነሣ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። «ሕግ ከአምላክ ከሆነ መንግሥት ሃይማኖትን ያስከብር» የሚል ሰው ይመጣል። ተሞክሯል። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አስገደዱ። ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ደም ፈሰሰ። ለረዥም ዘመንም በክርስቲያኑ መንግሥት ሥር ሙስሊሙ ርስት ተከልክሎ ኖሯል። አምላክን የሚያገለግል መስሎት አምላክ የሆነ መንግሥት ነው ያ። እምነት መንግሥትን የሚገታው ከመንግሥት ውጭ ሲቆም ነው። ኤልያስ የአክዓብ ደመወዝተኛ ቢሆን ኖሮ ወይን ቦታው ድረስ አይወርድም ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ አንዱ በሌላው ጣልቃ አይገባም። ይህን አንቀጽ ሃይማኖትን እንደ መናቅ የሚያዩት አሉ። እኔ ለሃይማኖት የተሠራ አጥር አድርጌ ነው የማየው። ከሱ በፊት ያለው አንቀጽ 10 ደግሞ ሰብዓዊ መብቶች ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጩ፣ የማይጣሱና የማይገፈፉ ናቸው ይላል። «መንግሥት የሰጣቸው» አይልም። «ተፈጥሮ» የሚለውን ቃል እኔ ሳነብ ፈጣሪን አያለሁ። ጎረቤቴ ሰውን ብቻ ያያል። ቃሉ ለሁለታችንም በቂ ነው። አንቀጽ 19 የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የዘመናችን የነጠላ ቋጠሮ ይህ ነው፤ ይፈታል ወይ አይፈታም የሚለው በያዙት ሰዎች እጅ ነው።

ልጁ መጨረሻ ላይ «እኔ ግን አላምንም፤ ታዲያ ልለው እችላለሁ?» አለኝ። ትችላለህ አልኩት።

ባለፈው እሑድ የእድር ስብሰባ ነበረን። በእናቱ ምትክ መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል። ሦስት ወር ያልከፈሉ አንዲት መበለት ጉዳይ ተነሣ። የእድሩ ዳኛ ድምፅ ሳያሰጡ ስማቸው ይሰረዝ ብለው ለጸሐፊው ነገሩት። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ። ልጁ ከኋላ ብድግ ብሎ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «በሕግ አምላክ፣ ጋሼ፣ መጀመሪያ ደንቡ ይነበብ» አለ። ዳኛው ዞር ብለው ትንሽ አዩት። ከዚያ ለጸሐፊው «አምጣው እስቲ ደንቡን» አሉት።