«እሱ የወንዶች ነው»፦ ስለ ሳይንስ ፊክሽንና ፋንታሲ ጸሐፊ ሴቶች የምንሳሳተው

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ደንበኛ አለኝ። ባለፈው ሽፋኑ ላይ የጠፈር መንኮራኩር ያለበት መጽሐፍ ሳነሳ «እህቴ፣ እሱ ይቅርብሽ፣ የወንዶች ነው» አለኝ። ገልብጬ የደራሲዋን ስም አሳየሁት፦ ኡርሱላ ለጉዊን። ሳይንስ ፊክሽን (ሳይንስን መነሻ ያደረገ ምናባዊ ድርሰት) እና ፋንታሲ (አስማትና ተረት ያለበት ምናባዊ ድርሰት) የወንድ ነው አይደለም እያልን እዚያው ቆመን ተከራከርን። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ጀማሪዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ሴቶች ኋላ ነው የገቡበት።»

እንግሊዛዊቷ ማርጋሬት ካቨንዲሽ በሰሜን ዋልታ በኩል ወደ ሌላ ዓለም ስለተሻገረች ሴት ያሳተመችው በ1666 ነው። ብዙዎች የሳይንስ ፊክሽን መነሻ የሚሉትን «ፍራንከንስታይን»ንም ሜሪ ሼሊ በ1816 ስትጀምረው ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። ከዓመት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ስለነበር ያ በጋ አውሮፓን በብርድና በዝናብ አሳለፈው። ጄኔቫ ሐይቅ ዳር የሰነበቱት ወዳጆቿ ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው የሙት መንፈስ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። ዝናብ ሐይቁ ዳር ይዞት ያመሸ የሐዋሳ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መጽሐፉ በ1818 ሲወጣ ግን ስሟ አልነበረበትም፤ ባሏ የጻፈው የመሰላቸው ነበሩ። በነገራችን ላይ ፍራንከንስታይን በታሪኩ ውስጥ ያለው የሳይንቲስቱ ስም ነው እንጂ እሱ የሠራው የዚያ አስፈሪ ፍጡር አይደለም።

«የሴት አጻጻፍ ያስታውቃል።»

ይሄኛው ያስቀኛል። ጄምስ ቲፕትሪ ጁኒየር በደብዳቤ እንጂ በአካል የማይገኝ የሳይንስ ፊክሽን ደራሲ ነበር። ሴት ትሆን እንዴ የሚል ወሬ ሲነሳ፣ ዕውቁ ደራሲ ሮበርት ሲልቨርበርግ በ1975 አጻጻፉ የወንድ ለመሆኑ አያጠራጥርም ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ «ሰውዬው» አሊስ ሼልደን የምትባል ከ60 ዓመት ያለፈች ሴት ሆና ተገኘች።

«ስማቸውን በፊደል ያሳጠሩት ሴትነታቸውን ሊደብቁ ነው።»

ሁልጊዜ አይደለም። ደራሲዋ ሲ. ኤል. ሙር፣ ማለትም ካትሪን ሙር፣ በ1930ዎቹ ባንክ ትሠራ ነበር። የደበቀችው ከድርሰት የምታገኘውን የጎን ገቢዋን ነው፤ ሥራ በጠፋበት ዘመን አለቆቿ ሰምተው እንጀራዋን እንዳያሳጧት።

«ለእኛ እንግዳ ነገር ነው።»

ሐዋሳ ላይ ቆሞ ይሄን ማለት ይከብዳል። ሲዳማዎች ወንዶችን ስለገዛችው ንግሥት ስለ ፉራ ይተርካሉ፦ ወንዶቹ አታለው ቀጭኔ ላይ አሰሯት፣ አካሏ በወደቀበት ሁሉ ቦታው በአካሏ ክፍል ስም ተጠራ። ፋንታሲ ከዚህ በላይ ምን ይሁን? ጅብ ሲያወራ መጀመሪያ የሰማነውስ ከማን ነው፣ ከአያቶቻችን አይደል? ደራሲ ተብለው ስማቸው ሽፋን ላይ አልወጣም እንጂ። እስያም ብትሄዱ ቤንጋላዊቷ ሮኬያ ሆሴን በ1905 ወንዶች ቤት ተዘግቶባቸው ሴቶች የሚያስተዳድሩትን፣ ምግብም በፀሐይ ሙቀት የሚበስልበትን አገር ጽፋለች።

ሻጩ «የአፍሪካስ አለ?» አለኝ። ከናይጄሪያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደችውን የኔዲ ኦኮራፎርን «ቢንቲ» ነገርኩት፤ በ2015 ወጥቶ ሁጎና ኔቡላ የሚባሉትን የዘርፉን ትልልቅ ሽልማቶች ያገኘውን። የናሚቢያ ሂምባ ልጅ ፀጉሯንና ገላዋን በቀይ አፈርና በቅባት ለውሳ፣ ሌላ ፕላኔት ላይ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች።

«እንደ ቅቤ ተቀብታ?»

«እንደ ቅቤ።»

«መንኮራኩር ውስጥ?»

አዎ አልኩት። መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ የለጉዊንን ስም ድጋሚ አነበበና «እንግዲያው ሃምሳ ብር ጨምሪበት» አለኝ።