«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ስንል የትኛውን ብቅል ነው?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር። በርጫው አልቆ ጨብሲ ላይ ነን። አንድ ወዳጄ ሰሞኑን የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ሄዶ ነበርና እንዴት ነው አልኩት። «አቦ ተወኝ! እግርህን መሬት ላይ አሳርፍ፣ ትንፋሽህን ተከታተል ትለኛለች። ብር ከፍዬ ልተንፍስ?» አለና ብርጭቆውን አነሳ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። ሁለት ድራፍት ከሷ ይበልጣል።»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ተረቱ ሲከነክነኝ አደረ።

የተለመደውን ትርጉም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እሱን አልደግመውም። እኔ የማምነው ይሄንን አባባል የጠጣ ሰው እንዳልፈጠረው ነው። የፈጠረችው ጠማቂ ናት።

ያደግኩት ሐረር ሸንኮር፣ አያቴ ቤት ነው። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ከቁልቢ የሚመለስ ዘመድ እኛ ቤት ያርፋል፣ ስለዚህ ጠላው ቀደም ብሎ ይታሰብበታል። ገብሱ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል። ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ጓዳ ጥግ የሙዝ ቅጠል ላይ ይሰጣል፣ በሌላ ቅጠል ይሸፈናል፣ ከላዩ ድንጋይ ይጫንበታል። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ምንም አይደረግም። ለልጅ ከዚህ የባሰ ስቃይ የለም! እኔ ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ ለማየት ስጠጋ አያቴ ከማጀት ሆና ትጮህብኛለች፦ «አትግለጥ አንተ! ብርድ ያገኘዋል!»

እሷ ራሷ ግን ጠዋትና ማታ ታየዋለች። እንዴት መሰላችሁ፣ አትገልጠውም። ጎንበስ ብላ እጇን በቅጠሉ ሥር ሰደድ ታደርጋለች፣ ትንሽ ታቆየዋለች፣ ታወጣዋለች። ሲበቅል ይሞቃላ። በጣም ከጋለ ድንጋዩን ታነሳለታለች፣ ገና ከሆነ ትተወዋለች። ቀኑ ሲደርስ ቅጠሉ ይነሳና ያ ደረቅ የነበረ ገብስ ነጫጭ ሥር አውጥቶ፣ እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣ ስታነሱት አንድ ላይ ይነሳል። ሽታው እርጥብ ሣር ሣር ይላል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጥንስሱ፣ ድፍድፉ... እሱ ሌላ ወሬ ነው፣ ጠላ ውስጥ ከገባሁ አልወጣም።

አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ። ጥሬ ገብስ አኝኩ፣ ቀጥላችሁ የደረቀ ብቅል አኝኩ። ገብሱ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ብቅሉ ይጣፍጣል። ፍሬው ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፣ የታመቀውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል። ያ ጣፋጭ ነገር መጀመሪያውኑ እዚያው ሆዱ ውስጥ በሌላ መልክ ተቀምጦ ነበር። ያወጣው ውሃ፣ ጨለማ፣ ሙቀትና ጊዜ ነው። እንግዲህ የኔ ግምት ይሄ ነው፤ ተረቱ መጀመሪያ ስለ ገብሱ ሆድ ነበር፣ ኋላ ጠጪዎች ወሰዱት። ጠጪ ብቅል የት ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ጣሳውን ነው፣ ሲነጋ ራሱን ሲያመው ደግሞ ጌሾውን ይረግማል። ብቅልን ለሦስት ቀን የምትጠብቀው ጓዳ ያለችው ሴት ናት። ማስረጃህ የታል ብትሉኝ አያቴን ነው የምጠራው፣ እሷ ደግሞ ዐርፋለች።

ወደ አማካሪዋ ልመለስ፣ ምክንያቱም ወዳጄ የቀለደባት ሴት የምትሠራው ይሄንኑ ነው። አውቃታለሁ፣ የሰፈራችን ልጅ ናት። መጀመሪያ ነርስ ነበረች። ማታ ተረኛ ስትሆን ጨጓራዬን፣ ልቤን ይወጋኛል፣ ራሴን ለሁለት ይከፍለኛል እያሉ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ይመረመራሉ፣ ላብራቶሪው ምንም አያገኝም፣ በማስታገሻ ይሸኛሉ፣ በሳምንቱ ይመለሳሉ። ሀዘን ያልወጣለት፣ ዕዳ ያፈነው፣ በትዳሩ የተቃጠለ ሁሉ ጨጓራ እያለ ይመጣ ነበር ትላለች። ይሄ ነገር እንቅልፍ ሲነሳት ተመልሳ ሥነ ልቦና ተማረች።

ማይንድፉልነስ የሚባለውን ያገኘችው እዚያ ነው። በአጭሩ፣ አሁን የሚሆነውን ነገር ሆን ብሎ፣ ሳይፈርዱ፣ ልብ ማለት ነው። ሥሩ የቡድሃ ሃይማኖት ተመስጦ ነው። ወደ ሆስፒታል ያስገቡት ጆን ካባት ዚን፣ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ምሁር ናቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ የተለመደው ሕክምና ከሕመማቸው ላላሳረፋቸው ሰዎች፣ ኋላ የ8 ሳምንት የሆነውን ሥልጠና ጀመሩ። ኋላ ሲጋል፣ ዊሊያምስና ቲስዴል የተባሉ ሦስት ባለሙያዎች ከሌላ የንግግር ሕክምና ጋር አዋሕደው ድብርት ለሚመላለስባቸው ሰዎች አዘጋጁት፤ በተለይ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለታመሙት እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል። እሷ የ8 ሳምንቱን እንዳለ አትሰጥም። ከሱ ቆንጥራ በተራው ምክክር ውስጥ ትጨምራለች። ከሰዓቱ ውስጥ ዝም የሚባለው ሦስት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ቀሪው ወሬ ነው።

ክፍሏን አይቼዋለሁ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ቬንትሌተር። የድሬ ሙቀት ውስጥ ትንፋሼን ልከተል ያለ ሰው ላቡን ነው የሚከተለው፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የቬንትሌተሩን ድምፅ እንዲያዳምጡ ታደርጋለች። ሐሳብ ይሄዳል፣ ውጭ ባጃጅ ይጮሃል፣ ሰውየው ወደ ዕዳው ይመለሳል። ሄደሃል? ይሁን፣ ተመለስ። አትቆጣም። «ተረጋጋ» አትልም፣ ሰው ተረጋጋ ሲሉት ይብሳል ትላለች። ከዚያ ታሪኩን ሲናገር መሀል ላይ ታቆመዋለች፦ «አሁን ይሄን ስትለኝ ሰውነትህ ውስጥ የት ተሰማህ?» ደረቴ ላይ። «ምን ዓይነት ነው?» ይጫነኛል። እሺ ብላ እዚያው ላይ ትንሽ ታቆየዋለች፣ ከዚያ ትለቀዋለች። የአያቴ እጅ ትዝ አይላችሁም?

ደግሞ ለሁሉም አይደለም። ክፉ ነገር ያለፈበትን ሰው ዓይንህን ጨፍን ብትለው ያንኑ ክፉ ነገር ሊያይ ይችላል። እንደዚያ ያለው ዓይኑን ገልጦ ወለሉን እያየ ይቀመጣል፣ ካልፈለገም ይቀራል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «ይሄ ጸሎት ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃታል። አይደለም፣ ጸሎትህን እቤትህ ጸልይ ትለዋለች።

«ሰው እኔ ጋ ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ቀን ሊያራግፍ ይቸኩላል» አለችኝ አንድ ቀን። «አራግፎ ይሄዳል፣ በሁለተኛው ሳምንት አፍሮ ይቀራል።»

ጨብሲ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ምርቃናው አፍ ያስከፍታል፣ ቢራው ይጨምርበታል፣ ሰውየው ስለ አባቱ አውርቶ ያለቅሳል። ሲነጋ ግማሹን አያስታውሰውም፣ መጠጥ ሲበዛ አእምሮ መመዝገቡን ይተዋላ። የሚያስታውሱት ጓደኞቹ ናቸው። ምስጢሩ እነሱ ጋ ይቀራል፣ እሱ ጋ የሚቀረው ራስ ምታቱ ነው። በዚህ ላይ «ወጣልኝ» ይላል!

የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ አለ። ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አንዱ ተነስቶ «ሰክሮ የተናገረው ነው እውነቱ፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላል። ጨዋታው ያልቃል። ሰውየው በስካር የዘላበደው ሁሉ እንደ ቃለ መሐላ ተቆጥሮበት ትዳሩ ይፈርሳል። ስካር ውሸትም ያስወራል፣ ጉራም ያስወራል፣ ያልተሰማህን ቂምም ያስወራል፤ አንድ ቀን ጠጥቶ የሚያውቅ ሁሉ ይሄን ያውቃል።

ከሁሉም የባሱት ግን ልጆቹ ናቸው። ቲክቶክ ላይ የሰከረ ጓደኛቸውን ሲያለቅስ ቀርጸው፣ ሥሩ ይሄንኑ ተረት ጽፈው፣ ሦስት የሳቅ ምልክት ደርድረው ይለቁታል። ተዉ እንጂ! ልጁ ያለቀሰው እናንተን አምኖ ነው። ሲነጋ ደውላችሁ እንዴት አደርክ በሉት፣ ቪዲዮውን ግን አሁኑኑ አጥፉት።