ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዕቅድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴም ይሁን ባቲ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስልታዊ ዕቅድ ያስፈልገዋል ሲባል የሚሰሙት መልሶች ያው ናቸው። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

«መጀመሪያ ሕንፃና መጽሐፍ ይሟላ፣ ዕቅዱ ይደርሳል።»

ተገላቢጦሽ ነው። ዕቅድ የሚያስፈልገው በጀት ሲያጥር ነው፤ የቱ ይቅደም፣ የቱ ይቅር የሚለውን ይወስናል። ሳያቅዱ የተቀበሉት ልገሳ መጨረሻውን እናውቃለን፤ ማንም የማይገልጠው የድሮ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መደርደሪያውን ይሞላዋል። መጽሐፍ ማሰባሰብ ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ መጽሐፍ ያከማች ነበር። ግን እዚያ የሚማር ሰው ነበረ።

«ቤተ መጻሕፍት ለተማሪ ነው።»

ፈተና ሲደርስ ወንበሩን የሚሞላው ተማሪ መሆኑ እውነት ነው። ብዙው ደብተሩን ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሚፈልገው ጸጥታና መብራት ነው። ዕቅድ አውጪው ይህንንም ይመዝግብ። ያልመጡትስ? ባቲን እንውሰድ። ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ገበያ ላይ ይገናኛል። ገበያተኛው ጎራ ቢል ምን ያገኛል? በኦሮምኛና በአፋርኛ የተጻፈ አለ? ስለ ከብት በሽታ የሚያስረዳ? ማንበብ ለማይችለው የሚያነብለት፣ ፎርም የሚሞላለት ሰው አለ? በ2022 እ.ኤ.አ. የታደሰው የኢፍላ (የዓለም አቀፍ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) እና የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ፣ አገልግሎቱ በዕድሜ፣ በሃይማኖት፣ በቋንቋ ሳይለይ ለሁሉም ነው ይላል።

«ዕቅድ ከላይ ተሠርቶ ይወርዳል።»

የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለዓመታት ለሁሉም አንድ ዓይነት መለኪያ ያወጣ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ግን እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት እንደ አካባቢው ፍላጎት የራሱን እንዲያቅድ የሚረዳ መመሪያ አዘጋጀ። እኛ ጋ ለመጠየቅ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም፤ ቅሬ፣ የወሎው እድር፣ አለልን። «ምን ቢኖር ትመጣላችሁ?» ማለት በጀት አይፈልግም። ቅሬ ላይ ግን የሴቶች ድምፅ ሊያንስ ይችላል፤ ስለዚህ ቡና ላይም ይጠየቅ።

«የተጠቃሚ ቁጥር ካደገ ዕቅዱ ሠርቷል።»

ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የመጣው ሰው የፈለገውን አግኝቶ ነው የሄደው?

«ዕቅድ የሰኔ ሥራ ነው።»

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰዉን መጠየቅ፣ የሥራ ሰዓት መቀየር፣ ቅዳሜ የሚገባ ሠራተኛ ማስፈቀድ ወራት ይፈጃል። ሰኔ ላይ ተጣድፎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ የተቀየረ የአምናው ዕቅድ ነው።