ጠፈርን በጆሮ መከታተል፦ የሚባለውና እውነቱ

ጠፈርተኞች ሲነጋገሩ በቀጥታ አዳምጣለሁ ስል፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ትከፍላለህ?» ብሎ ነው።

ምንም አልከፍልም። እ.ኤ.አ. በ2023 የተጀመረው ናሳ ፕላስ (የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ የኢንተርኔት ማሰራጫ) ክፍያም ምዝገባም የለውም፤ ስርጭቶቹ ዩቲዩብ ላይም አሉ። ወጪው የኢንተርኔቱ ነው። እሱንም ምስሉን ወደ 144ፒ ዝቅ አድርጎ መቆጠብ ይቻላል። ለሚያዳምጥ ሰው የምስሉ ጥራት ምን ያደርግለታል?

«ሰዓቱን አይቻለሁ፣ አያመልጠኝም።» ብዙዎቻችንን ጉድ የሚሠራን ይሄ ነው። ማስታወቂያው የሚወጣው በአሜሪካ ሰዓት ወይም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው። የኔ ዘዴ ቀላል ናት፦ ከዩቲሲው ላይ 3 መቀነስ። ወደ ጨረቃ የተላከችው የናሳ መንኮራኩር አርጤምስ 1 እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 2022 የተተኮሰችው በዩቲሲ 6:47 ላይ ነበር። በኛ ከጠዋቱ 3:47 መሆኑ ነው። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፤ መቀነስ ካልተቻለ ደግሞ አስቀድማችሁ 12 ደምሩበት።

«ቀጥታ ከሆነማ አሁን እየሆነ ያለ ነው።» ከጨረቃ ሲሆን እሺ፣ ድምፅ የሚዘገየው አንድ ሰከንድ ከምናምን ነው። ማርስ ግን ሩቅ ናት። የናሳ የማርስ ሮቦት ፐርሲቪራንስ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2021 ስታርፍ ምልክቷ ምድር ለመድረስ 11 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። ከሰማይ እስከ መሬት የወረደችው ደግሞ በ7 ደቂቃ ግድም ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ «ከባቢ አየር ውስጥ ገባች» ብለው ትንፋሻቸውን ሲውጡ፣ እሷ ቀድማ መሬት ላይ ናት። ወይ አርፋ፣ ወይ ተሰብራ።

«በጆሮዬ የሰማሁት አይዋሽም።» ሊዋሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2024 በናሳ ቀጥታ ስርጭት ላይ የጠፈር ጣቢያው አዛዥ በጠና እንደታመመ የሚናገር ድምፅ ተሰማ። ኢንተርኔቱ ታመሰ። ለካ ምድር ላይ ይካሄድ የነበረ ልምምድ በስህተት ተላልፎ ነው። ጠፈርተኞቹ በዚያ ሰዓት ተኝተው ነበር!

ረጅም ዝምታም ብልሽት አይደለም። ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ ወይም ግንኙነቱ ለጊዜው ተቋርጧል።

«በሬዲዮ ለመስማት ግን ትልቅ ዲሽ ያስፈልጋል።» ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አያስፈልግም። ከፍታው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በ145.800 ሜጋኸርዝ የሚለቀቀውን ድምፅ በእጅ የሚያዝ መቀበያ ይይዘዋል። የቤታችን ኤፍኤም 108 ላይ ስለሚያበቃ እሱ አይሆንም። ጣቢያው በአናታችን የሚያልፈው ቢበዛ ለ10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ያኔም ጠፈርተኞቹ ካላወሩ ድምፃቸው አይሰማም። ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ከተማሪዎች ጋር ቀጠሮ ሲኖራቸው ነው።

መቀበያ ከማስመጣታችሁ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ አጣሩ። በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት ለማንም የከፈቷቸው መቀበያዎችም አሉ። እነሱ ግን የሚሰሙት በራሳቸው ሰማይ የሚያልፈውን ነው። መቀበያው ሆላንድ ከሆነ፣ መጠበቅ ያለባችሁ ጣቢያው ሆላንድ ላይ እስኪደርስ ነው።