ዲጂታል ትኬት ምንድን ነው? በመዝናኛ ፓርክ በር ላይ ስልካችን የሚያሳየው ነገር

በአማርኛ ትኬት «ቆረጥኩ» እንላለን። አነጋገሩ ከወረቀቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሻጩ ከጥራዙ ላይ ገንጥሎ ይሰጠናል፣ በር ላይ የቆመው ተቆጣጣሪ ደግሞ ግማሹን ቀዶ ጉርዱን ይመልስልናል። ዛሬ ለአውሮፕላንም ሆነ ለመዝናኛ ፓርክ በስልካችን የምንቆርጠው ትኬት የሚገነጠል ጥራዝም ሆነ የሚመለስ ጉርድ የለውም። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ሥር ያሉ አየር መንገዶች ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2008 ጀምሮ የወረቀት ትኬት መስጠት ስላቆሙ፣ ከአገር ወጥቶ ለተመለሰ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ሆኖም ብዙዎቻችን ዲጂታል ትኬትን «በስልክ የተላከ የወረቀት ትኬት ፎቶ» አድርገን እናስበዋለን፤ በፓርክ በር ላይ የሚገጥሙን አብዛኞቹ ችግሮችም የሚመነጩት ከዚህ አስተሳሰብ ነው።

ዲጂታል ትኬት በትክክለኛ ትርጉሙ በፓርኩ ኮምፒውተር ውስጥ የሰፈረ የመግቢያ መብት መዝገብ ነው። መዝገቡ ማን እንደገዛ፣ ለስንት ሰው እንደገዛ፣ ለየትኛው ቀን እንደሚያገለግል፣ ገንዘቡ መከፈሉንና ሰውየው መግባት አለመግባቱን ይይዛል። በስልካችን ገጽ ላይ የሚታየው ጥቁርና ነጭ ምስል ወደዚያ መዝገብ የሚመራ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ነገሩን ከባንክ ጋር ብናስተያየው፣ ገንዘቡ ያለው ባንክ ቤት ነው፤ እኛ ይዘን የምንዞረው የሒሳብ ቁጥሩን ነው።

ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ ለማየት በካሊፎርኒያ አናሃይም ከተማ ከሚገኘው ዲዝኒላንድ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ በሎስ አንጀለስ «ትንሿ ኢትዮጵያ» አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱበት ቅርብ ፓርክም ነው። ዲዝኒላንድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1955 ነበር። በመክፈቻው ዕለት የመግቢያ ወረቀቱ ተመሳስሎ ታትሞ ስለተሰራጨ፣ ከተጋበዘው ሰው በእጅጉ የበለጠ ወደ 28,000 የሚጠጋ ሕዝብ ገባ። ወረቀቱን የያዘ ሁሉ እውነተኛ እንግዳ ይመስል ስለነበር በሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። የወረቀት ትኬት መሠረታዊ ድክመት ይህ ነው፤ መብቱ ያለው በወረቀቱ ላይ ስለሆነ ወረቀቱን የቀዳ መብቱንም ይቀዳል።

በዚያ ዘመን አዋቂ ሰው ለመግቢያ የሚከፍለው 1 ዶላር ሲሆን ለእያንዳንዱ መጫወቻ ደግሞ ለብቻው ይከፍል ነበር። ፓርኩ በተከፈተ በጥቂት ወራት ውስጥ በፊደል የተለዩ ትኬቶች በጥራዝ መሸጥ ጀመሩ፤ «ኤ» የሚለው ለትንንሾቹ መጫወቻዎች ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተጨመረው «ኢ» ደግሞ ለትልልቆቹና በጣም ለሚፈለጉት። እ.ኤ.አ. በ1982 የጥራዝ ትኬቱ ቀርቶ አንድ ጊዜ ከፍሎ ቀኑን ሙሉ መጫወት የተለመደ ሆነ። ይህ ለሂሳብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጉዞ የተለየ ዋጋ በማይኖረው ጊዜ ሁሉም ሰው ወደሚወደው መጫወቻ ስለሚሄድ ወረፋው የፓርኩ ዋና ራስ ምታት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፋስትፓስ የተባለው አሠራር መጣ፤ ጎብኚው የመግቢያ ትኬቱን በመጫወቻው ደጃፍ ባለው ማሽን ውስጥ ሲያስገባ የመመለሻ ሰዓት የታተመባት ብጣሽ ወረቀት ይሰጠዋል፣ በሰዓቱ ሲመለስም በአጭሩ ወረፋ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይኸው ሥራ በቀን 10 ዶላር ጭማሪ በስልክ መተግበሪያ እንዲሠራ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ስያሜውም ዋጋውም ተለዋውጧል፤ ስልኩ ግን ከበር ማለፊያነት አልፎ የቀኑን ውሎ መምሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ስልኩ የሚያሳየው ምስል አብዛኛውን ጊዜ ኪው አር ኮድ ነው። ይህ ኮድ የተፈለሰፈው ለትኬት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን ዴንሶ ዌቭ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ማሳሂሮ ሃራ የተባሉ መሐንዲስ የሚመሩት ቡድን የመኪና መለዋወጫ ዕቃዎችን በፍጥነት ለመመዝገብ ሠራው። የቀድሞው ባርኮድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነበብ ስለነበር ብዙ መረጃ አይዝም፤ አዲሱ ወደ ጎንም ወደ ታችም ስለሚጻፍ ትልቁ መጠን እስከ 7,089 አሃዝ መያዝ ይችላል። የትኬት ቁጥር ይህን ያህል ቦታ አይፈልግም፤ በቁመትም በወርድም 21 ነጥብ ያላት ትንሿ ኮድ እስከ 41 አሃዝ ትይዛለች።

በኮዱ ሦስት ማዕዘኖች ላይ የምናያቸው አራት ማዕዘን ምስሎች ጌጥ አይደሉም። ማንበቢያው ምስሉ የት እንዳለና በየት በኩል እንደተዞረ የሚያውቀው በእነሱ ነው፤ ስለዚህ ስልካችንን ገልብጠን ብናሳይም ያነበዋል። የጥቁሩና የነጩ ስፋት አንድ፣ አንድ፣ ሦስት፣ አንድ፣ አንድ በሆነ ንጽጽር የተሠራ ሲሆን፣ ይህ ንጽጽር የተመረጠው ቡድኑ ብዙ የታተሙ ጽሑፎችን መርምሮ እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ መሆኑን ስላረጋገጠ ነው። በኮዱ ውስጥ ከመረጃው በተጨማሪ የጎደለውን የሚሞላ ትርፍ መረጃ ይቀመጣል፤ በከፍተኛው ደረጃ ከተሠራ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ክፍል ቢበላሽም ይነበባል። የተቧጨረ ሲዲ ሙዚቃው ሳይቆራረጥ እንዲጫወት የሚያደርገውም ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሂሳብ ነው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ በር ላይ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያስቸግረው ከስንጥቁ ይልቅ የደበዘዘ ብርሃን ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ወረፋ ላይ ቆመው ስልካቸው የማይነበብላቸው ሰዎች ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ቢጨምሩ በአብዛኛው ችግሩ ይፈታል።

ማንበቢያው ቁጥሩን ካነበበ በኋላ የሚሆነው ነገር ፈጣን ስለሆነ አይታየንም። ቁጥሩ ወደ ፓርኩ ኮምፒውተር ይላካል፤ ኮምፒውተሩም እንዲህ ያለ ቁጥር መኖሩን፣ ገንዘቡ መከፈሉን፣ ቀኑ የዛሬ መሆኑንና ከዚህ በፊት በቁጥሩ የገባ ሰው አለመኖሩን ይመረምራል። ሁሉም ከተሟላ በሩ ይከፈታል፤ በዚያችው ቅጽበት መዝገቡ ላይ «ገብቷል» ተብሎ ይጻፋል። የወረቀቱን ጉርድ መቅደድ የተካው ይህ ጽሕፈት ነው። በ1955 የተፈጠረው ችግር ዳግም የማይፈጠረውም በዚሁ ነው፤ አንድ ሰው ኮዱን አንድ ሺህ ጊዜ ቢያባዛው መዝገቡ አንድ ስለሆነ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ነገር ግን የሚገባው ሰው ማን ነው? ቀድሞ የደረሰው ነው። ይህን ነጥብ አጥብቄ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለልጃቸው የልደት ስጦታ ትኬት ቆርጠው በደስታ ፎቶውን በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ቡድን ላይ የሚለጥፉ ወላጆች አሉ። ኮዱ በግልጽ የሚታይበት ፎቶ ማለት በአደባባይ የተቀመጠ ቁልፍ ማለት ነው። ከማናውቀው ሰው በቅናሽ የተገዛ የትኬት ምስልም እንዲሁ ነው፤ ያው ምስል ለአምስት ሰዎች ተሽጦ ሊሆን ይችላል፣ እውነተኛ ኮድ ቢሆን እንኳ አራቱ ከበር ይመለሳሉ።

ይህን ለመከላከል ሁለት ዓይነት ዘዴ ይሠራበታል። አንደኛው የሚቀያየር ኮድ ነው፤ ስልኩና ኮምፒውተሩ የጋራ ምስጢራዊ ቁጥር ይዘው ከሰዓቱ ጋር በማስላት በየጥቂት ሰከንዱ አዲስ ኮድ ያወጣሉ፤ ባንኮች ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የይለፍ ቁጥር የሚያወጡበትም ስሌት ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። በእንዲህ ያለ ትኬት ስክሪንሾት አንስቶ ለሌላ መላክ ዋጋ የለውም፣ በሩ ጋ ሲደረስ ምስሉ ጊዜው አልፎበታል። ሁለተኛው ዘዴ ትኬቱን ከሰው ጋር ማሰር ነው። በአንዳንድ ፓርኮች በመጀመሪያው መግቢያ ላይ የጎብኚው ፎቶ ይነሳል፤ በፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ደግሞ ጣት በማንበቢያ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፣ ጣቱን መስጠት የማይፈልግ ሰውም መታወቂያ ማሳየት ይችላል። በአቡ ዳቢ ያስ ደሴትና በቤይጂንግ ዩኒቨርሳል ፓርኮች ፊትን በካሜራ ለይቶ የማስገባት አሠራር አለ። እኔ በበኩሌ ለአንድ ቀን ጨዋታ የፊትን ምስል ከመስጠት በፊት፣ በተለይም የልጆችን፣ ምስሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ የሚገልጸውን ጽሑፍ ማንበብ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የይለፍ ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊት አይቀየርም።

ትኬቱ በስልኩ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ እንደ ሁኔታው ይለያያል፤ በኢሜይል የመጣ ሰነድ፣ በፓርኩ መተግበሪያ ወይም በስልኩ የዲጂታል ቦርሳ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አፕል ይህን ቦርሳ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። በቦርሳው ውስጥ የገባ ትኬት ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ በመተግበሪያ ውስጥ ያለው ግን አንዳንዴ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በተሰበሰበበት በር ላይ ደግሞ ኔትወርክ ይጨናነቃል። ስለዚህ ትኬቱን ከቤት ሳይወጡ ከፍቶ ማየት ይበጃል።

ከእኛ ማኅበረሰብ ሁኔታ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ሦስት ጉዳዮችም አሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። መተግበሪያው «3:00» ብሎ የመመለሻ ሰዓት ሲሰጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጡ እናት ወይም አባት ግን ስልኩ ላይ «3:00» ሲያዩ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው ብለው ቢረዱ አይፈረድባቸውም። ሁለተኛው ቀን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 05/07 ማለት ግንቦት 7 ሲሆን በአውሮፓ ብዙ አገሮች ሐምሌ 5 ነው፣ ሁለቱም ወሮች እ.ኤ.አ. መሆናቸው ሳይረሳ። ቀኑ የተሳሳተ ትኬት ኮዱ ምንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን በሩን አይከፍትም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ሳያስበው የሚገጥመው ነው። መተግበሪያው አዲስ ስልክ ሲያይ ማንነትን ለማረጋገጥ ቁጥር በአጭር መልእክት ወይም በኢሜይል ይልካል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ የአገር ቤት ሲም ካርዱን አውጥቶ የአሜሪካ ሲም አስገብቶ ከሆነ መልእክቱ በሻንጣ ውስጥ ወዳለው ሲም ይሄዳል፤ ትኬቱ የተከፈለበት፣ መዝገቡም የተሟላ ሆኖ ሳለ ሰውየው በሩ ላይ ይቆማል። መፍትሔው የቤተሰቡን ትኬቶች ሁሉ በአንድ ሰው መተግበሪያ ውስጥ ማስገባት ነው፤ አንድ ስልክ የአያትንም የልጅንም ኮድ ተራ በተራ ያሳያል። ታዲያ ያ ሰው ከሌሎቹ ተለይቶ አስቀድሞ እንዳይገባ ያስፈልጋል። በፓርኩ ውስጥ ለሁለት ለመከፈል ከታሰበ ደግሞ ትኬቶቹ በሁለተኛ ስልክም እንዲገኙ አስቀድሞ ማድረግ ይገባል፤ ለመጫወቻዎቹ የሚያዘው ሰዓትም የሚነበበው በዚያው የግል ኮድ ነውና።

ባትሪ ሲያልቅስ? ቀኑን ሙሉ ካርታ፣ ፎቶ፣ የምግብ ማዘዣና ትኬት በአንድ ስልክ ላይ ሲጫኑ ባትሪው እስከ ማታ አይዘልቅም፤ ትርፍ ባትሪ መያዝ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሆኖም ከላይ የተባለውን ያስተዋለ ሰው እዚህ ላይ መደናገጥ አይኖርበትም። ስልኩ ቢጠፋ መዝገቡ አልጠፋም። ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዶ ስምን፣ የተከፈለበትን ካርድና መታወቂያን ማሳየት፣ ከተቻለም የትዕዛዝ ቁጥሩን መንገር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ሠራተኛው መዝገቡን ፈልጎ ኮዱን በወረቀት ወይም በካርድ ላይ ሊያትም ይችላል። የትዕዛዝ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በኪስ መያዝ ያን ፍለጋ ያሳጥረዋል።

ይህ የእንግዳ መቀበያ መስኮት በማንኛውም ፓርክ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ስማርት ስልክ የሌላቸው አዛውንቶች አሉ፤ ስልክ ቢኖራቸውም በእንግሊዝኛ የተጻፈ መተግበሪያ መክፈት የማይችሉ አሉ። መብቱ በመዝገቡ ላይ እስካለ ድረስ ቁጥሩ በስልክ ታየ፣ በወረቀት ታተመ፣ ወይም በቃል ተነገረ፣ ለኮምፒውተሩ ልዩነት የለውም። ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ፓርኩ ደውላችሁ «እናቴ ስልክ የላትም፤ ትኬቷን በወረቀት ታትሙልኛላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።