ስለሚዋጥ አንቲባዮቲክ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«በየ8 ሰዓቱ ማለት 8 ሰዓት ላይ ነው።»
አይደለም፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 8 ሰዓት ይለፍ ማለት ነው። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ቢሆን ይመቻል። ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ብቻ ከተወሰደ ሌሊቱ ክፍት ይቀራል። እንደ አሞክሳሲሊን ያለው ደግሞ ከደም ቶሎ ይወጣል። ከረሱ እንዳስታወሱ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ይተዉት እንጂ ደርበው አይዋጡ።

«የልጆች ሽሮፕ ሲበጠበጥ ውሃው ቢበዛም ቢያንስም ለውጥ የለውም።»
ትልቅ ለውጥ አለው። ዱቄቱ ጠርሙሱ ሥር ተጣብቆ ስለሚቆይ መጀመሪያ በመዳፍ መታ መታ አድርገው ያላሉት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ ግማሽ ጨምረው በደንብ ይናጡት። አረፋው ሲረግብ እስከ ምልክቱ ይሙሉና እንደገና ይናጡ። አረፋው ሳይረግብ ከሞሉት የደረሰ ይመስላል፤ ሲረግብ መስመሩ ጎድሎ ይገኛል፣ መድኃኒቱም ከታዘዘው በላይ ይወፍራል። ውሃ ከበዛ ደግሞ «125 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» የተባለው ይቀጥናል። በሰጡ ቁጥር መናጥም አይርሱ፤ አለዚያ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ውሃውን፣ መጨረሻ ላይ ዝቃጩን ይጠጣል። የቤት ማንኪያ ሁሉ እኩል ስላልሆነ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ይጠይቁ።

«ከተበጠበጠ በኋላ የትም ቢቀመጥ ያው ነው።»
በአዳማ ሙቀት፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ለሽሮፕ አይሆንም። እንደ አሞክሳሲሊን ያለውን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይሁን። ፍሪጅ ከሌለዎት ከመበጥበጡ በፊት ለፋርማሲስቱ ይንገሩ፤ በሚሰጥበት ሰዓት ብቻ በውሃ የሚሟሟ የልጆች አሞክሳሲሊን ፍሬ አለ። የተበጠበጠበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። እንደ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው የሚቆየው፤ የተረፈው ለታናሽ ወንድም አይቀመጥም።

«ሆድ እንዳያቃጥል በወተት መዋጥ ነው።»
ለሲፕሮፍሎክሳሲን ይህ ጉዳት ነው። የወተቱ ካልሲየም መድኃኒቱን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። የጨጓራ ማስታገሻና የደም ማነስ ፍሬም እንደዚሁ ስለሆኑ ሲፕሮ ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ቁጭ ብለው ይዋጡት፤ ለግማሽ ሰዓትም አይተኙ። በጉንጭ ውሃ ውጠው ወዲያው ከተኙ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል።

«ካፕሱል ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስ ቶሎ ያደርቃል።»
ዱቄቱ ለቁስል አልተዘጋጀም፤ ቆዳን ሊያስቆጣና አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ቁስሉን በንጹሕ ውሃና ሳሙና አጥቦ መሸፈን ይሻላል።

«ሽፍታ ከወጣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው።»
ይህ አደገኛ ነው። ሽፍታ ካዩ የሚቀጥለውን ሳይወስዱ ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ፋርማሲስቱ ይሂዱ። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ባጃጅም ቢሆን ይዘው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ።